ዕረፍታችን በማን ሂሳብ ተመዘገበ?

(በይፋግ በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዘንድሮ ከቁጠባውና ከብድሩ ሪፖርት ሌላ አንድ ሪፖርት ጨምረን ይዘን ቀርበናል። ከጥምቀት በኋላ 12 አባላት ለሦስት ቀን ለዕረፍት ወጥተን ነበር። «የልምድ ልውውጥ» ብለን ልንጽፈው እንችል ነበር፤ አልጻፍነውም። የሄድነው ለማረፍ ነው። «የማኅበሩን ገንዘብ ለሽርሽር አዋሉት» የሚል ወሬ እንዳለ ስለሰማን፣ አስቀድመን ሂሳቡን እንናገር።

ከብድር ፈንዱ አንድ ብር አልወጣም። ከለጋሾች የመጣውም አልተነካም። 12ታችን በየሳምንቱ 25 ብር እያዋጣን ለ40 ሳምንት በተለየ ደብተር አስቀመጥን፤ 12,000 ብር ሆነ። ለሚኒባስ ኪራይና ለነዳጅ 6,600፣ ለማደሪያ 2,900፣ ለጀልባ፣ ለመግቢያና ለፍል ውሃ 1,960 ብር አወጣን። 540 ብር ተረፈ። ስንቁን፣ ድርቆሹን፣ በሶውን፣ ዳቦ ቆሎውንና ሽሮውን፣ ከየቤታችን ነው የያዝነው። ደረሰኞቹ በፋይል ተቀምጠዋል፤ ማንኛዋም አባል መጥታ ማየት ትችላለች።

ነገር ግን በዚያ ደብተር ላይ ያልተመዘገበ አንድ ወጪ አለ። ዛሬ እዚህ የቆምነው ስለ እሱ ልንነግራችሁ ነው።

ሐሳቡ የመጣው ከብድር መመለሻ መዝገቡ ነው። አምና በአንድ ወቅት፣ ከፍለው የማያሳልፉ ሦስት አባላት ተከታትለው ዘገዩ። ንግዳቸው አልከሰረም፤ ሽንኩርቱም ሩዙም ገበያ ነበረው። ጠጋ ብለን ስንጠይቅ አንዷ ወገቧን፣ አንዷ ራሷን፣ አንዷ እንቅልፍ ማጣቷን ነገረችን። ወገቧን የታመመችው «ጤና ጣቢያ ሄጄ ዕረፍት አድርጊ አሉኝ። ዕረፍት የት ገበያ ነው የሚሸጠው?» አለችን። ስቀን ዝም አልን። ከዚያ ቀን በኋላ ነው 25 ብሯ የተጀመረችው።

እኛ የይፋግ ሰዎች መንገድ ሲነሳ ሲራራ ነጋዴን ሳናነሳ አናልፍም። በ19ኛው መቶ ዘመን ይፋግ ስሟ የታወቀ ገበያ ነበረች። በጎንደርና በጎጃም መካከል የሚመላለሱ ነጋዴዎች እዚህ ይሰፍሩ ነበር። በዚያ ዘመን እንደ ገንዘብ ያገለግል የነበረው አሞሌ ጨው ከአፋር ቆላ ተነሥቶ በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ጀርባ አገር ያቋርጥ ነበር። ሲራራ በየሰፈረበት ጭነት ያራግፋል። ጀርባዋ የተገጠበ በቅሎ መንገድ እንደማትጨርስ ነጋዴው ያውቃል። እኛ ለበቅሎ የታሰበውን ለራሳችን ሳናስብ ስንት ዓመት ኖርን?

የመነሻችን ቀን ጠዋት ገና ሳንነሳ ክርክር ተነሣ። ሽንኩርት የምትነግደው እህታችን ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ መጋዘኗን የሚጠብቅላት ቡቺ የሚባል ውሻ አላት። መጋዘኑን ዘመድ ሊጠብቅላት እሺ ብሏል፤ ለውሻው ፍርፋሪ የሚሰጥ ግን አልተገኘም። «ሦስት ቀን ጦሙን አያድርም፤ እሱ ካልሄደ አልሄድም» አለች። ሾፌሩ «እናቶቼ፣ ሰው ነው ወይስ ውሻ የተኮናተርኩት?» ብሎ ሞተር አጠፋ። መጨረሻ ላይ ከኋላ ወንበር ሥር ማዳበሪያ አንጥፈን ቡቺን አስቀመጥነው። ርብ ድልድይን ስንሻገር አንገቱን አውጥቶ የፎገራን ሜዳ ያይ ነበር። ሩዙ ታጭዷል፤ ከብቱ በገለባው ላይ ተሰማርቷል። በዚያ መንገድ ስንቴ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ወደ ወረታ ገበያ ሄደናል! ሜዳውን አይተነው ግን አናውቅም ነበር።

ከወረታ በደብረ ታቦር መንገድ ታጥፈን አውራምባ ገባን። አቶ ዙምራ ኑሩ የመሠረቱት ይህ ማኅበረሰብ ወንድና ሴት ሥራን ሳይለዩ በመሥራታቸው ይታወቃል። ወንድ እንጀራ ሲጋግር፣ ሴት ሸማኔ ሆና ስትሸምን አየን። ጥጥ ፈትለን ለሸማኔ መስጠት እንጂ መሸመን የሴት ነው ብለን አስበን አናውቅም። ከመካከላችን አንዷ «የኔ ባል ይህን ቢያይ» አለች፤ ሌላዋ «ቢያይም አላየሁም ይላል» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን።

ያን ቀን አመሻሹ ላይ ከዋናው አስፋልት ወጣ ብለን ደራ ወረዳ፣ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ደረስን። ከመኪና እንደ ወረድን ምን እንዳደረግን ታውቃላችሁ? ማንም ሳያዘን ግማሾቻችን እንጨት ለቀማ፣ ግማሾቻችን ውሃ ፍለጋ ሄድን። ሽሮው ሲንተከተክ ነው የነቃነው። ድሮ በዘመቻ ጊዜ ሠራዊቱ ሰፍሮ ሲያርፍ የሴቶቹ ሥራ ገና ይጀመር ነበር፤ እህል ፈጭተው፣ ጋግረው ነው የሚያድሩት። እኛም ለዕረፍት መጥተን ሰፈሩን ወጥ ቤት አደረግነው። በበነጋው ተራ አወጣን፤ ሁለት ሰው ብቻ ያበስላል፣ ሌላው እጁን አጣምሮ ይቀመጣል። እጅ አጣምሮ መቀመጥ እንዴት ከባድ እንደሆነ ያየነው ያኔ ነው። ፍል ውሃው ውስጥ ግን ወገቧን የምታመው እህታችን «አሁን ወገብ እንዳለኝ ረሳሁ» አለችን። ከሦስቱ ቀን የማንረሳው ይህን ነው።

በሁለተኛው ቀን ባሕር ዳር ደረስን። ማደሪያው ውሻ አላስገባም አለ። ያ የተቆጣው ሾፌር «እኔ ጋ መኪና ውስጥ ይደር፤ ዕቃውንም ይጠብቅልኛል» ብሎ ቡቺን ተረከበን። እኛ በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርን። ክብራን ገብርኤል ሴት ስለማትገባ ከጀልባ ላይ ሆነን ተሳለምን። ዘጌ ላይ በቡናው ጫካ ውስጥ እየተጓዝን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳለምን፤ ሥዕሎቹን አየን። በመልሱ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎችን እያየን አንድ ሰዓት ያህል ማንም ቃል አልተናገረም። ጣናን የምንጠጣው፣ ዓሣውን የምንበላው እኛ፣ ብዙዎቻችን በላዩ ስንሄድ የመጀመሪያችን ነበር።

በሦስተኛው ቀን ተመለስን። ደስታችን ግን ሳምንት አልቆየም።

ከተጓዦቹ የአንዷ ልጅ፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ፣ እናቷ በሌለችባቸው ሦስት ቀናት ከትምህርት ቤት ቀርታ እንደነበር ሰማን። ጋግራለች፣ ውሃ ቀድታለች፣ ሱቅ ጠብቃለች፣ ሕፃን አዝላለች። በመካከሉ የሒሳብ ፈተና አምልጧታል። ሁለት ታላላቅ ወንድሞቿ እቤት ነበሩ። እናቷ «እኔ ባረፍኩት ልክ እሷ ደከመች» ብላ አለቀሰች።

ከዚያ 12ቱንም ቤት ጠየቅን። ቡቺን ይዛ ከመጣችው እህታችን በቀር ሁሉም ቤት ሥራውን የተረከበ ሰው ነበረበት። በሰባቱ ሴት ልጅ፣ በሦስቱ አማት ወይም እህት ነው። በአንዱ ብቻ ባልየው ራሱ ሽሮ ሠርቷል፤ «ጨው በዝቶብኝ ነበር እንጂ በልተነዋል» ብሎናል።

በሂሳብ ትምህርት መጀመሪያ የምንማረው፣ በአንድ በኩል የተጻፈ በሌላ በኩልም እንደሚጻፍ ነው። ዴቢት ካለ ክሬዲት አለ። የእኛ ዕረፍት በደብተሩ ላይ 11,460 ብር ነው። በሌላ በኩል ግን በሕፃናትና በአሮጊቶች ጉልበት ተከፍሏል። እኛ ሂሳብ የምንሠራ ሰዎች ያን መስመር ባዶ ትተነው ሚዛኑ ትክክል ነው ብለን ፈርመናል። ስሕተቱ የእኛ ነው።

ታዲያ ዕረፍት ይቅር እንበል? አንልም። ወገቧን ያመማት እህታችን ከመጋቢት ጀምሮ ብድሯን በወቅቱ እየከፈለች ነው፤ ይህም በመዝገብ አለ። የምንለው፣ ጭነት ሲወርድ ማን ላይ እንደሚወርድ አስቀድመን እንጻፍ ነው። ስለዚህ ለቀጣዩ ዓመት ሦስት ነገር ለጉባኤው እናቀርባለን።

አንደኛ፣ 12 ሰው ባንድ ጊዜ አይሂድ። ስድስት ሲሄዱ ስድስት ይቅሩ፤ የቀሩት የሄዱትን ቤት በወንፈል ያግዙ፤ ከዚያ ተራው ይቀየር። ወንፈልን ለእርሻ ካወቅንበት ለምጣድም አያቅተንም።

ሁለተኛ፣ ማንኛዋም ተጓዥ ከመሄዷ በፊት በቤቷ ማን ምን እንደሚሠራ በወረቀት ታቅርብ። የተማሪ ልጅ ስም ከተጻፈበት ጉዞው ወደ ትምህርት ቤት ዕረፍት ይዛወር። የወንድ ልጅ ስም ከተጻፈበት ደግሞ እናጨበጭብለታለን።

ሦስተኛ፣ የተረፈው 540 ብር ፈተና ላመለጣት ልጅ የማካካሻ ትምህርት ይዋል። ብዙ አይደለም፤ ግን ዕዳችን ስለሆነ ነው።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለን። ለሽርሽር ገንዘብ አንጠይቃችሁም። የምትልኩልን ቅጽ ግን «ስንት ሴቶች ሠለጠኑ፣ ስንት ሴቶች ተበደሩ» ይላል። ከሥሩ «ስንት ሴቶች አረፉ፣ ሥራቸውንስ ማን ተረከበ» የሚል አንድ መስመር ጨምሩልን። እንሞላዋለን።

ቡቺ ደህና ነው። ሾፌሩ ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ላይ አግኝቶን «ጓደኛዬ እንዴት ነው? መቼ ነው የምትሄዱት?» ብሎናል። ቀኑን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።