በብረቱ ገጽ ላይ የሚደረግ ሽቅድምድም



አሜሪካዊው የአጥንት ቀዶ ሐኪም አንቶኒ ግሪስቲና እ.ኤ.አ. በ1987 ነገሩን በሽቅድምድም መስለውታል። በተሰበረ ቅልጥም ውስጥ የገባውን ብረት የሰውነት ሕዋሳት ቀድመው ከያዙት ከአጥንቱ ጋር ይዋሐዳል። ባክቴሪያ ከቀደመ ግን ዝልግልግ ሽፋን ሠርቶ ይመሽግበታል፤ ያን ጊዜ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት እምብዛም አይደፍረውም፤ ብረቱን ማውጣት፣ አልፎ አልፎም እግሩን መቁረጥ ግድ ይሆናል።

በጄንታማይሲን የተቀባው ዘንግ የሚያግዘው በሽቅድምድሙ መነሻ ላይ ነው፤ አብዛኛውን መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ይለቃል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጥቂት መጠን፣ በእኔ አስተያየት፣ ሊያሳስበን ይገባል፤ ባክቴሪያውን ሳይገድል ከመድኃኒቱ ጋር ሊያለማምደው ይችላልና። ክፍት ስብራትን አጥቦ የሞተውን ሥጋ ማስወገድንም ቅቡ አይተካም። ብር፣ ማዕድኑን ማለቴ ነው፣ ባክቴሪያን ይገድላል፤ መጠኑ ሲበዛ ግን የአጥንት ሕዋሳትንም ይጎዳል፤ የራሳችንን ሯጭ ይጥላል ማለት ነው።