ሃምሳ ሎሚና ሁለት ተሸካሚ፦ የ«ነፃ» የስልክ ጨዋታ ሂሳብ

(አርብ ገበያ በተካሄደው የማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የሂሳብ ክፍል ተራ ሲደርስ የቁጠባና የብድር ሪፖርት እንደምትጠብቁ እናውቃለን። ሪፖርቱ ተባዝቶ በእጃችሁ ይገኛል። ዛሬ ልናነሣ የፈለግነው በሪፖርቱ ላይ መስመር የሌለውን ወጪ ነው። የወር ቁጠባቸው የጎደለባቸውን አባሎቻችንን ምክንያቱን ስንጠይቅ፣ ከሕመምና ከዘር መግዣ ቀጥሎ ደጋግመን የሰማነው መልስ «ስልኩ በላው» የሚል ነው። ስልክ አፍ የለውም፤ ታዲያ ማን በላው? ፈቃደኛ ከሆኑ እናቶች ጋር ተቀምጠን የቴሌብር መልእክቶቻቸውን አንድ በአንድ ስናነብ፣ ዱካው ደጋግሞ ልጆች ወደሚጫወቷቸው «ነፃ» ጨዋታዎች ወሰደን። ስለዚህ ነፃ የተባለ ነገር እንዴት ገንዘብ እንደሚያስወጣ፣ ጨዋታውን ራሱን እንዴት እንደለወጠውና እኛ ምን ማድረግ እንደምንችል በሂሳብ ዓይን እንየው።

ምርቃት ቀድሞ ሲመጣ

በዓርብ ገበያችን ስንዴ የሚሸጥልን ሰው ሰፍሮ ከጨረሰ በኋላ አንድ እፍኝ ይመርቅልናል። ምርቃቱ የሚመጣው ዋጋው ከታወቀ፣ ስፍሩም ከሞላ በኋላ ነው። ነፃ የሚባለው ጨዋታ ይህን ሥርዓት ገልብጦታል። ምርቃቱን አስቀድሞ ይሰጣል፤ ዋጋውን የሚናገረው ተጫዋቹ ከለመደ በኋላ ነው።

ነገሩ ከመጀመሪያው እንዲህ አልነበረም። ብዙዎቻችን በኖኪያ ስልክ የምናውቀው የእባብ ጨዋታ ከስልኩ ጋር የመጣ ነው፤ ዋጋው በስልኩ ዋጋ ውስጥ አለ። እባቡ ሲሞትብን እንደገና እንጀምራለን እንጂ «ሌላ ሕይወት ግዙ» ያለን የለም። አፕል እ.ኤ.አ. በ2008 የመተግበሪያ መደብሩን ሲከፍትም ብዙ ጨዋታዎች እንደማንኛውም ዕቃ ዋጋ ተለጥፎባቸው ይሸጡ ነበር። በ2009 መጨረሻ የወጣው የፊንላንዱ «አንግሪ በርድስ» ዋጋው አንድ ዶላር ያህል ነበር። አንዴ የከፈለ ሰው ጨዋታውን ያገኛል፤ ነገሩም እዚያ ላይ ያልቃል።

በዚያው ዓመት ግን አፕል በነፃ በሚወርዱ መተግበሪያዎች ውስጥም ዕቃ መሸጥ እንዲቻል ፈቀደ። በሩ የተከፈተው ያን ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ ባልና ሚስት በአሜሪካ «ቴምፕል ረን» የተባለውን የሩጫ ጨዋታ አወጡ። መጀመሪያ በአንድ ዶላር ያህል ሸጡት፤ ብዙም ሳይቆዩ ነፃ አደረጉትና በውስጡ ሳንቲም መሸጥ ቀጠሉ። ገቢያቸው ከመቀነስ ይልቅ ጨመረ። በ2012 «ካንዲ ክራሽ» እና «ክላሽ ኦፍ ክላንስ» በዚሁ መንገድ መጥተው ዓለምን አዳረሱ። ልጆቻችን በፕሌይስቴሽን ቤት የሚያውቁት የኮናሚ የእግር ኳስ ጨዋታም ለዓመታት በዋጋ ሲሸጥ ቆይቶ በ2021 ስሙ «ኢፉትቦል» ተብሎ ነፃ ሆነ።

የድሮው ዓይነት ምን እንደደረሰበት «አንግሪ በርድስ» ራሱ ይነግረናል። ባለቤቱ ሮቪዮ እ.ኤ.አ. በ2023 አንዴ ተከፍሎ የሚያልቀውን የመጀመሪያውን ጨዋታ ከጉግል መደብር አነሣው። ምክንያቱን ሲገልጽ በሌሎች ጨዋታዎቹ ላይ በሚያሳድረው ተጽዕኖ የተነሣ ነው አለ። ዋጋው የታወቀ ዕቃ፣ ዋጋው ከማይታወቀው ጋር አብሮ መቀመጥ አልቻለም ማለት ነው።

ሁለት ሰው የተሸከመው

ገንዘቡ ከማን ይመጣል? «ካንዲ ክራሽን» የሠራው ኪንግ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 አክሲዮኑን ለገበያ ሲያቀርብ ሂሳቡን ለሕዝብ አሳይቷል። በ2013 ያስገባው 1.9 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነው። በዓመቱ መጨረሻ ግን በወር ውስጥ ገንዘብ የከፈሉት ከ100 ተጫዋቾች 4 ያህሉ ብቻ ነበሩ።

አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ማኅበራችን የቆመው በዚህ ምሳሌ ላይ ነው። እያንዳንዳችን ጥቂት እናዋጣለን፤ ማንም አይጎብጥም። የነፃ ጨዋታ ሂሳብ ግን የተሠራው በተቃራኒው ነው። ከሃምሳው አርባ ስምንቱ እጃቸውን አወዛውዘው ይሄዳሉ፤ ሃምሳውን ሎሚ የሚሸከሙት ሁለቱ ናቸው። አርባ ስምንቱም ቢሆኑ ጊዜያቸውን ለማስታወቂያ ይሰጣሉ፣ ጓደኛ ይጠራሉ፣ ከፋዩ የሚያሸንፈው ሰው ሆነው ይቆማሉ። ሁለቱ ሁልጊዜ ሀብታሞች ቢሆኑ ባልተጨነቅን ነበር። ነገር ግን ከሁለቱ አንዱ ማቆም ያቃተው ሰው፣ ወይም የእናቱን ስልክ የያዘ ልጅ ሊሆን ይችላል።

ጨዋታው የተለወጠውም እነዚህን ሁለት ሰዎች ለማግኘት ሲባል ነው። በ«ካንዲ ክራሽ» ለተጫዋቹ የሚሰጠው 5 ሕይወት ነው፤ አንዷ ከጠፋች እስክትመለስ 30 ደቂቃ ይጠብቃል፣ ወይም ይከፍላል። በ«ክላሽ ኦፍ ክላንስ» አንድ ግንብ እስኪያልቅ ሰዓታትና ቀናት ይፈጃል፤ የከፈለ ወዲያው ያስጨርሳል። መጠበቅ ራሱ ሸቀጥ ሆነ ማለት ነው። ቀድሞ ጨዋታ የሚከብደው ተጫዋቹ ችሎታውን እንዲያሳይ ነበር። አሁን የተሸነፈው ልጅ የተሸነፈው ስላልቻለ ይሁን ስላልከፈለ ለይቶ ማወቅ አይችልም።

ከዚህ የባሰው ዕጣው ነው። ልጁ የሚፈልገውን ተጫዋች ወይም መሣሪያ በቀጥታ አይገዛም፤ ውስጡ የማይታይ ሣጥን ይገዛል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2012 ከዚህ ዓይነት ዕጣ አንዱን ከለከለች። ቤልጂየም በ2018 እንዲህ ያሉ ሣጥኖች ቁማር ናቸው አለች።

እኛን የሂሳብ ሠራተኞችን ደግሞ የሚያስቆጣን ሌላ ነገር አለ። ክፍያው በብር አይጠራም፤ አልማዝ፣ ሳንቲም፣ ዩሲ እየተባለ ነው። ለምሳሌ የሚፈለገው ዕቃ 120 አልማዝ ሆኖ አልማዙ የሚሸጠው በመቶ በመቶ ቢሆን፣ ልጁ ሁለት ጥቅል ይገዛና 80 ይተርፈዋል። ትራፊው ለቀጣዩ ግዢ ይጠራዋል። ዋጋውን በብር ያልነገረ ሻጭ ገበያችን ውስጥ ቢቆም ማን ይጠጋዋል?

ንብረት ወይስ ወጪ?

«ልጄ ገዛው እንጂ አልጠፋም፤ ስልኩ ላይ አለ» ያለችን እናት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ «ፋርምቪል» የሚባል የእርሻ ጨዋታ ነበር። ሰዎች በእውነተኛ ገንዘብ ለማያርሱት ማሳ ዕቃ ይገዙ ነበር። በ2020 የመጨረሻ ቀን ተዘጋ፤ ማሳውም ከብቱም አብሮ ጠፋ። እኛም በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥና ረጅም ጊዜ ሲቆይ አይተነዋል፤ ያለ ኢንተርኔት የማይከፈቱ ጨዋታዎች ሁሉ ሥዕላቸው ብቻ ስልኩ ላይ ቀረ። በእጃችን የማይገባ፣ መልሰን የማንሸጠው፣ ባለቤቱ ሲዘጋው የሚጠፋ ነገር በመዝገባችን ንብረት ተብሎ አይጻፍም። ወጪ ነው።

ፍርድ እንዳይዛባ የነፃውን በጎ ጎንም እንናገር። በመካከላችን በዶላር የሚከፍል የባንክ ካርድ የያዘ የለም። ጨዋታ ሁሉ በዋጋ ቢሆን ኖሮ የታች ጋይንት ልጅ የአዲስ አበባው ልጅ የሚጫወተውን አያይም ነበር። ሳይከፍል ተጫውቶ፣ ሥቆ፣ ስልኩን መልሶ ለእናቱ የሚሰጥ ልጅ ብዙ ነው። እርሱን ጥፋተኛ አናደርገውም።

ወደ እኛ ቤት የሚገባባቸው ሦስት በሮች

የመጀመሪያው በር የኢንተርኔት ጥቅል ነው። ጨዋታው ነፃ ቢሆንም ማስታወቂያውና ማሻሻያው የሚወርደው በእናቲቱ ጥቅል ነው። «የሳምንቱን ጥቅል በሁለት ቀን ጨረስኩት» የምትሉን ምክንያቱ አንዳንዴ ይኸው ነው።

ሁለተኛው በአጭር ቁጥር የሚመጣ መልእክት ነው። ጥያቄና መልስ፣ ሽልማት፣ ጨዋታ ይልና «የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ነፃ» ይላል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከካርዳችን ላይ ይቆርጣል። በቀን 2 ብር ቢሆን በዓመት 730 ብር ነው። በሦስት አገልግሎት የተመዘገበ ስልክ 2,190 ብር ያጣል። በአንድ ጊዜ ቢጠየቅ ማናችንም የማንሰጠው ገንዘብ ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የምንለው ለቁጠባ ነበር፤ እዚህ ግን ብሩ ነው በእግሩ የሚሄደው።

ሦስተኛው በር ቴሌብር ነው። ልጁ የዶላር ካርድ ባይኖረውም፣ የ«ፐብጂ» ዩሲ ወይም የ«ፍሪ ፋየር» አልማዝ በብር የሚሸጡ ሰዎች በቴሌግራም አሉ። ብሩን በቴሌብር ይልካል፤ ዕቃው በጨዋታው ውስጥ ይገባለታል። በእናቲቱ መልእክት ላይ የሚቀረው የማታውቀው ሰው ስም ብቻ ነው።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። አፕል እ.ኤ.አ. በ2014 ከአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ጋር ተስማምቶ ቢያንስ 32.5 ሚሊዮን ዶላር ለወላጆች ለመመለስ ተገድዷል። ወላጅ አንዴ የይለፍ ቃል ካስገባ በኋላ ልጁ ለ15 ደቂቃ ያለ ጥያቄ መግዛት ይችል ነበርና። ጉግልም በዚያው ዓመት ቢያንስ 19 ሚሊዮን ዶላር ለመመለስ ተስማማ። «ፎርትናይት» የተባለውን ጨዋታ የሠራው ኤፒክ ጌምስ ደግሞ በ2022 ሳያስቡት ለገዙ ተጫዋቾች የሚመለስ 245 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከዚያ አገር ወላጆች የምንለየው በአንድ ነገር ነው፦ እኛ ወጥተን ገንዘባችንን የምናስመልስበት ቦታ ቅርብ አይደለም። መከላከል የሚሻለን ለዚህ ነው።

ምን እናድርግ?

ቀላሉ መልስ ስልኩን ከልጁ መቀማት ይመስላል። ግን እውነቱን እንነጋገር። በብዙ ቤት መልእክቱን የሚያነብልን፣ የቁጠባ ብራችንን የሚልክልን፣ የብድር መክፈያ ቀናችንን የሚያስታውሰን ያው ልጅ ነው። የምሥጢር ቁጥራችንን የነገርነውም ስላመንነው ነው። ልጁን ከስልኩ ብናርቅ እኛም ከሂሳባችን እንርቃለን። እምነቱን ሳናፈርስ ገንዘቡን መጠበቅ አለብን። ስለዚህ ለስብሰባው አራት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የምሥጢር ቁጥሩን እናት ራሷ ታስገባ። ልጁ ያንብብ፣ ያሳይ፤ ቁጥሯን ስትነካ ግን እርሷ ትሁን። ልጁ የሚያውቀው ከሆነ ሳይቆጡ መቀየር ነው። ቁጥር መለየት የሚያስቸግራቸውን አባላት ከስብሰባ በፊት ግማሽ ሰዓት እናስተምራለን።

ሁለተኛ፣ ቁጠባ ይቅደም። ዓርብ ከገበያ መልስ ብሩ ስልክ ላይ ሳያድር ለማኅበሩ ይግባ። ስልክ ላይ የሚያድር ገንዘብ ቢጠፋ የማያስለቅሰን ያህል ብቻ ይሁን።

ሦስተኛ፣ በየወሩ አንድ ቀን ስልካችንን ይዘን እንምጣ። ሳናውቅ የተመዘገብንባቸውን የአጭር ቁጥር አገልግሎቶች አብረን እንፈልግ፤ በየቁጥሩ «ስቶፕ» ብለን ልከን እናስቁም።

አራተኛ፣ ከልጁ ጋር ስለ ሂሳቡ እንነጋገር። ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ ጨዋታዎችን ይምረጥ፤ ሲጫወት ዳታው ይጠፋ፤ ማስታወቂያውም አብዛኛው አብሮ ይቀራል። ሃምሳ ሎሚ የሚሸከሙት ሁለት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ንገሩት። ልጆች መታለልን አይወዱም። ጨዋታው በእርሱ ላይ እንዴት እንደተሰላ የገባው ልጅ ራሱ ይጠነቀቃል።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ጥያቄ አለን። በስልክ መቆጠብ እንድንጀምር ስትረዱን ስልኩንና ሥልጠናውን አብራችሁ ሰጥታችኋል፤ እናመሰግናለን። ከእንግዲህ በምትደግፉት ሥልጠና ላይ ግማሽ ቀን ጨምሩልን። ገንዘብ እንዴት እንደሚገባ ብቻ ሳይሆን ሳይታይ እንዴት እንደሚወጣም ከእናቶችና ከልጆች ጋር አብረን እንማርበት።

ከዚህ ወር ጀምሮ በቁጠባ ደብተራችሁ ላይ «ስልክ» የሚል አንድ መስመር እንጨምራለን። ለካርድ፣ ለጥቅልና ለጨዋታ የወጣውን በብር ትነግሩናላችሁ፤ እኛም እንጽፋለን። የተጻፈ ወጪ ይታያል፤ የታየ ወጪ ደግሞ ለመቀነስ ያመቻል። አሁን አራቱን ሐሳቦች ለውይይት ክፍት አድርገናል።