ቁልፍ የሌለው ጡሩምባ
(ከደዶ የመጣን ተማሪዎች በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ያሰማነው ንግግር)



ለእኛ ለደዶ ልጆች ጡሩምባ ሲባል አስቀድሞ ትዝ የሚለን ዕድር ነው። ጎሕ ሳይቀድ ሲነፋ ሰው ሁሉ ከመኝታው ተነሥቶ «ማን ሞተ?» ይላል። ስለዚህም ብዙዎቻችን ጡሩምባ ከመርዶ በቀር ሌላ መናገር የሚችል አይመስለንም። ቁልፍ የለው፥ ድምፁም ጥቂት ነው እንላለን።

በአውሮፓም የጡሩምባ ሥራ በጦር ሜዳ ምልክት መስጠትና የንጉሥን መምጣት ማወጅ ነበር። መሣሪያው ከ2 ሜትር የሚበልጥ፥ የተጠቀለለ የናስ ቱቦ እንጂ ቁልፍ አልነበረውም። ነፊው የሚያገኘው ቱቦው በተፈጥሮው የሚሰጠውን ድምፅ ብቻ ነው። ታች ያሉት ድምፆች የተራራቁ ናቸውና ዜማ አይወጣባቸውም፤ ከ8ኛው ወደ ላይ ግን ይቀራረባሉ። 11ኛውና 13ኛው ከቅኝት ስለሚወጡ ነፊው በከንፈሩ ያቃናቸዋል።

በቦሎኛ ከተማ በቅዱስ ፔትሮኒዮ ቤተ ክርስቲያን ያገለግል የነበረው ጁሴፔ ቶሬሊ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1658–1709) ይህንኑ መሣሪያ ከቫዮሊኖች ፊት አቁሞ ብዙ ድርሰት ጻፈለት። ጀርመናዊው ቴሌማን (1681–1767) ደግሞ ለጡሩምባና ለባለ አውታር መሣሪያዎች ባለ 4 ክፍል ኮንሰርቶ ደረሰ። በ3ኛው ክፍል ጡሩምባው ጨርሶ ዝም ይላል፤ ዜማውን ባለ አውታሮቹ ብቻ ይዘውት ይሄዳሉ። «ሁሉን ቢናገሩት ሆድ ባዶ ይቀራል» ይባል የለ? በ4ኛው ክፍል ሲመለስ አዳራሹ በርቶ የነጋ ይመስላል። ሃይድን ባለ ቁልፍ ለሆነ ጡሩምባ ኮንሰርቶ የጻፈው በ1796 ነው፤ እነቶሬሊ ግን ቁልፍ እስኪሠራ አልጠበቁም።

በአገራችንም ራስ ተፈሪ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች፥ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት፥ የናስ ሙዚቃ በአዲስ አበባ አሰምተዋል። የዕድሩ ጡሩምባ ግን እስከ ዛሬ ከደጅ ቆሟል። አሁን ደግሞ የድምፅ ማጉያውና የእጅ ስልኩ ሥራውን እየወሰዱበት ነው። ነፊዎቹ ሲያልፉ ድምፁም አብሮ ያልፋል።

ስለዚህ አንድ ነገር እናሳስባለን። ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ፥ የዕድሩን ዳኛና ነፊውን አባት አስፈቅደን፥ ጡሩምባው ስንት ድምፅ እንዳለው፥ የትኛውም ከየትኛው እንደሚርቅ ጽፈን እንምጣ። «የሐዘን ዕቃ ለጨዋታ አይሆንም» የሚሉን ሽማግሎች አሉ፤ እውነት አላቸው። ሳይታሰብ ቢነፋ አገር ይደነግጣል። እኛም ለመርዶ የተለየውን ጥሪ አንነካም። የምንሻው በዚያው ቱቦ ውስጥ ያለውን ሌላ ድምፅ ነው፤ ማሲንቆና ክራር ዜማውን ይዘውለት፥ እርሱ በሚችለው ቦታ እንዲገባ።

ሦስት ድምፅ ቢኖረው ለሦስት ድምፅ የሚሆን ድርሰት እንጻፍለት። ጥቂት ያለውን መሣሪያ ከመናቃችን በፊት የጻፈለት ሰው እንደ ነበረ እንጠይቅ።