የካሴት ማጫወቻን ፍጥነት ማስተካከል፦ የድምፅ ሰነድን ከማመን የሚቀድም ሥራ



ዛሬ የማቀርበው ርእሰ ጉዳይ ላይ ላዩን ሲታይ የቴፕ ጠጋኝ እንጂ የዩኒቨርሲቲ ጉዳይ አይመስልም። ይሁን እንጂ በካሴት የተቀዳ ዘፈንን፣ የለቅሶ ግጥምን ወይም የአዛውንት ቃለ መጠይቅን መነሻ አድርጎ የሚጽፍ ሁሉ ድምፁ የሚደርሰው በአንዲት ትንሽ ሞተር በኩል ነው። ሞተሯ ከተሳሳተች ጸሐፊውም ሳያውቀው ይሳሳታል።

ፊሊፕስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ያስተዋወቀው ካሴት፣ ክሩ በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር እንዲጓዝ የተወሰነለት ነው። ይህን ፍጥነት የሚጠብቁት ካፕስታን የሚባለው ቀጭን የብረት ዘንግ፣ ክሩን ከዘንጉ ጋር አጣብቆ የሚያሽከረክረው ጎማ፣ እንዲሁም የሞተሩን ኃይል ወደ ዘንጉ የሚያደርሰው ቺንጋ ናቸው። ጎማው ሲደርቅ፣ ቺንጋው ሲላላ፣ ሞተሩም ሲያረጅ ፍጥነቱ ይዛባል። ከፍጥነቱ ጋር ሁለት ነገሮች አብረው ይዛባሉ፤ አንዱ የድምፁ ቅጥነት፣ ሌላው የጊዜው ርዝመት ነው።

መጠኑን በቁጥር እንመልከት። በሙዚቃ ልኬት ግማሽ ቶን 100 ሴንት ነው። ማጫወቻው 1 በመቶ ሲፈጥን ድምፁ በ17 ሴንት ገደማ ይቀጥናል። 3 በመቶ ከዘገየ ድምፁ ወደ 50 ሴንት ይወርዳል፤ የ30 ደቂቃው የካሴት ገጽም 31 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ስሕተቱ 6 በመቶ ሲደርስ ዘፈኑ በግማሽ ቶን ተዛውሮ እናገኘዋለን።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ስሕተቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ከሆነ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት አይለወጥም። ትዝታው ትዝታ፣ ባቲውም ባቲ ሆኖ ይሰማል። አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ ቅኝቱ ስላልፈረሰ ጆሯችን አይጠራጠርም። የሚጠፋው ዘፋኙ የተነሣበት ድምፅ፣ የምቱ ፍጥነትና የጉሮሮው ጠባይ ነው። ክራርና መሰንቆም እንደ ዘፋኙ ድምፅ የሚቃኙ በመሆናቸው ስለ ትክክለኛው ከፍታ ሊመሰክሩልን አይችሉም። ፍጥነቱ በዘፈኑ መካከል የሚዋልል ከሆነ ግን የቅኝቱ ልክ ራሱ ይበላሻል።

እንግዲህ በ20 ዓመት ልዩነት የተቀዱ ሁለት ካሴቶችን አነጻጽሮ «የዚህ ዘፈን ምት ፈጥኗል» የሚል ተማሪ አለ እንበል። የፍጥነቱ ለውጥ የባህል ለውጥ ነው ወይስ የቺንጋ መላላት? ማጫወቻው ካልተፈተሸ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለም።

ፍተሻው ከባድ አይደለም። በመጀመሪያ ካፕስታኑና ጎማው ይጸዳሉ፤ የላላ ቺንጋ ይለወጣል። ማጫወቻው ሩብ ሰዓት ያህል ከሠራና ከሞቀ በኋላ፣ የታወቀ ድግግሞሽ ያለው ድምፅ የተቀዳበት መፈተሻ ካሴት ይገባበታል። ይህ ድምፅ በብዛት 3150 ወይም 3000 ሄርዝ ነው። የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ማረጋገጥ ግዴታ ነው፤ ሁለቱን ማምታታት ብቻውን 5 በመቶ ስሕተት ይፈጥራል። የሚወጣው ድምፅ በኮምፒዩተር ይለካል። 3150 መሆን የሚገባው 3055 ካሳየ ማጫወቻው 3 በመቶ ዘግይቷል ማለት ነው። በብዙ ማጫወቻዎች በሞተሩ ጀርባ በምትገኘው ትንሽ ቀዳዳ በኩል በቀጭን ካቻቢቴ ፍጥነቱን መጨመርም መቀነስም ይቻላል። የክሩ ውጥረት ከጥቅሉ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አንድ ስላልሆነ፣ ልኬቱ በመነሻው፣ በመካከሉና በመጨረሻው ሊደገም ይገባል።

ይህን ሁሉ ስንፈጽም ግን ያስተካከልነው የእኛን ማጫወቻ ብቻ ነው። የቀዳው መሣሪያስ? በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕ ሪከርደር ድንጋዩ እየደከመ ሲሄድ ሊዘገይ ይችላል። ዘግይቶ የተቀዳው በትክክለኛ ፍጥነት ሲጫወት ፈጥኖና ቀጥኖ ይሰማል። የሽማግሌው ድምፅ የጎልማሳ ይመስላል።

አንዳንድ ጊዜ ካሴቱ ራሱ መፍትሔውን ይዞ ይገኛል። ቀረጻው የተካሄደው በአገራችን የኤሌክትሪክ መስመር ላይ በተሰካ መሣሪያ ከሆነ፣ የመስመሩ የ50 ሄርዝ እምታ ከዘፈኑ ሥር ተቀድቶ ሊሆን ይችላል። በተስተካከለ ማጫወቻ ይህ እምታ 52 ሄርዝ ሆኖ ከተገኘ፣ መቅጃው ወደ 4 በመቶ ገደማ ዘግይቶ እንደነበር እንገምታለን። ሆኖም የማጫወቻችን የራሱ እምታ እንዳያሳስተን ክሩን አቁመን የሚቀረውን ድምፅ መለየት አለብን። ኃይሉ ከጄኔሬተር የመጣ ከነበረም ይህ ምስክር አስተማማኝ አይሆንም። ካሴቱ ከሙዚቃ ቤት የተገዛ ቅጂ ወይም የቅጂ ቅጂ ከሆነ ደግሞ የየመሣሪያው ስሕተት እየተደራረበ ይመጣል፤ እምታውም ከየትኛው ቅጂ እንደመጣ መለየት ያዳግታል።

ስለዚህ የምመክረው ይህን ነው። ካሴቱን በተፈተሸ ማጫወቻ ወደ ዲጂታል ገልብጡና ያንን ቅጂ ሳትነኩት አስቀምጡ። የፍጥነት እርማት በሌላ ቅጂ ላይ ይሁን። ምን ያህል እንዳረማችሁና በምን ማስረጃ እንዳረማችሁ ጻፉ። ማስረጃ በሌለበት ቦታ «ለጆሮዬ ደስ እስኪለኝ» እያሉ ማረም የዘፋኙን ቃል በእኛ ምርጫ መተካት ነው።

በካሴት ላይ ድምፃቸው ከቀረ ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ «እኔ እንዲህ አልዘፈንኩም» ብለው ሊያርሙን አይችሉም። እነርሱን ወክለን ከመናገራችን በፊት ሞተሩን መፈተሽ የምናደርግላቸው ትንሹ ክብር ነው።