ልጆቻችን አዋጅ ይጻፉ



በዛሬው የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባችን ስለ ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ልጆቻችን አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው የተነሳሁት። ታሪክ ሲያጠኑ አይታችኋል። መቅደላ 1860፣ ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 እያሉ ይሸመድዳሉ፤ ፈተናው ሲያልፍ ይረሱታል። የዚያ ዘመን መሪዎች ግን አዋጅና ደብዳቤ እየጻፉ ያስተዳድሩ ነበር። ልጆቹ ያንን ጽሑፍ ቢያነቡና ቀጥለው ራሳቸው ቢጽፉ መጻፍንም መምራትንም አንድ ላይ ይማራሉ ብዬ አምናለሁ።

በመስከረም 1888 ለዓድዋ ዘመቻ የታወጀውን የአፄ ምኒልክን የክተት አዋጅ እንውሰድ። አንድ ገጽ አይሞላም። ነጋሪት ተጎስሞ በየገበያው የሚነበብ ነውና አንዴ የሰማ ገበሬ ሁሉ ሊይዘው ይገባ ነበር። ጠላት ምን እንዳደረገ ይናገራል፤ ጉልበት ያለውና የሌለው ምን ምን እንዲያደርጉ ለየብቻ ይነግራል፤ የቀረ ሰው ምን እንደሚጠብቀው አይደብቅም፤ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት አጋማሽ ወረኢሉ እንዲገኝ ቆርጦ ያዛል። አሁን የአንዲት የክፍል አለቃ ማስታወቂያ ከጎኑ እናስቀምጥ፦ «ሁላችሁም በጽዳት ዘመቻው እንድትተባበሩ በትሕትና እንጠይቃለን።» መቼ? የት? መጥረጊያ የሚያመጣው ማን ነው? ልጅቷ አዋጁን አንብባ ማስታወቂያዋን እንደገና ትጻፈው። ማን ምን እንደሚሠራ ሳትወስን ልትጽፈው አትችልም፤ መምራት የምትጀምረውም እዚያ ላይ ነው።

ከባዱ ትምህርት የአፄ ቴዎድሮስ ነው። በ1855 ዓ.ም. ወዳጅነት ፈልገው፣ መልእክተኞቻቸውንም ለመላክ አስበው ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ጻፉ። ደብዳቤው ለንደን ቢደርስም ከዓመት በላይ መልስ ሳያገኝ ቆየ። ንጉሡ የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንን አሰሩ፤ ነገሩ እየከረረ ሄዶ መቅደላ ላይ አለቀ። መምህራን፣ እባካችሁ መጨረሻውን ከመንገራችሁ በፊት ቁሙ። «ዓመት አለፈ፣ መልስ የለም፣ መኳንንቱም ያያሉ፤ እናንተ ብትሆኑ ምን ትጽፋላችሁ?» በሏቸው። አንዱ ዛቻ ይጽፋል፣ አንዷ ሁለተኛ ደብዳቤ፣ ሌላው መልእክተኛ መላክ ያምረዋል። ጮክ ብለው አንብበው ይከራከሩበት። ቴዎድሮስን ስለምንወዳቸው ብለን ስሕተታቸውን ከልጆች መሸሸግ የለብንም። አገር አንድ ለማድረግ ያን ያህል የደከሙ ሰው ቁጣቸው ምን እንዳስከፈላቸው ልጆቹ ይዩት።

እቴጌ ጣይቱም አይዘለሉ፤ በዓድዋው ዘመቻ የጠላትን የመቀሌ ምሽግ የውኃ ምንጭ የማስያዙ ምክራቸው ወንዶቹም ሴቶቹም የሚያጠኑት ነው።

ወጪው ብዙ አይደለም፤ የአዋጁና የደብዳቤው ቅጂ፣ በሁለት ሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ጥሩ የተጻፈውን ሰልፍ ላይ የሚያነብ ሚኒ ሚዲያ። ከመምህራን የምለምነው ቀይ እስክሪብቶው የፊደል ግድፈት ላይ ብቻ እንዳይቆም ነው፤ ሐሳቡ ላይም ጥያቄ ጻፉበት። ወላጆች ደግሞ ማታ ልጃችሁ የጻፈውን እንዲያነብላችሁ ጠይቁት፤ ያልገባችሁ ቦታ ላይ «ይኼ አልገባኝም» በሉት። ፊደል ያልቆጠረ ወላጅም ይህን ማድረግ ይችላል።

አሁን የታሪክና የአማርኛ መምህሮቻችን በየትኛው ክፍል ብንጀምር እንደሚሻል ሐሳብ ይስጡበት።