ከመጠምጠም መማር ይቅደም
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እኔን የምታውቁኝ በሒሳብ መዝገብ ነው። ዛሬ ግን ስለ ሞተር ሳይክል ልናገር ቆሜያለሁ። ሦስት እህቶቻችን ከማኅበሩ ተበድረው ሞተር ሊገዙ ነውና፣ እኔ የከፈልኩትን እነሱ እንዳይከፍሉ ብዬ ነው።

አምና በብድር የገዛኋት ሞተር ሦስት ወር ሳይሞላት የስልክ ቻርጀርና ሁለት ተጨማሪ መብራት አስገጠምኩባት። ሠራተኛው የፊት መብራቱን ሽቦ ቆርጦ ቀጠለበትና በፕላስተር ጠመጠመው። በርካሽ ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ። ክረምት ሲገባ መቀጠያው ውኃ ገብቶበት ሽቦው ተቃጠለ። ሻጮቹ ዘንድ ስወስዳት «ዋናው ሽቦ ተቆርጧል፤ ዋስትናው ይህን አይሸፍንም» አሉኝ። ተናድጄ ቤቴ ገባሁ። የዋስትናውን ደብተር ሳነበው ግን በግልጽ ተጽፏል። ሰውን «ሳታነቡ አትፈርሙ» የምል እኔ የራሴን አላነበብኩም። ጥገናውን ከኪሴ ከፈልኩ፤ የብድር ክፍያዬም ሁለት ወር ዘገየ።

ነገሩ ከሒሳብ አይለይም። ሞተሯ ስትሠራ የምታመነጨው ኤሌክትሪክ ገቢ ነው፤ ባትሪው ቁጠባ ነው፤ መብራቱ፣ ክላክሱና ቻርጀሩ ወጪ ናቸው። ወጪ ከገቢ ሲበልጥ ቁጠባው ያልቃል። ስሌቱም ቀላል ነው፤ ዋቱን ለ12 ቮልት ስታካፍሉት አምፔሩን ታገኛላችሁ። ባለ 18 ዋት ሁለት መብራቶች 36 ዋት ናቸው፤ ይህም 3 አምፔር ነው። ለዚህ ባለ 5 አምፔር ፊውዝ ይበቃል። ፊውዝ እንደ ገንዘብ ያዣችን ነው፤ ከተፈቀደው በላይ ሲጠየቅ ይዘጋል። በተቃጠለ ቁጥር ተለቅ ያለ መተካት ገንዘብ ያዧን አባሮ ካዝናውን ክፍት መተው ነው።

ስለዚህ፦

አንደኛ፣ ከመግጠማችሁ በፊት ደብተሩን አንብቡ፤ ምን እንደሚፈቀድ ሻጩን ጠይቃችሁ መልሱን በጽሑፍ ያዙ። ፋብሪካው ራሱ ያዘጋጀው፣ በሶኬት ብቻ የሚሰካ ዕቃ ካለ እሱን ምረጡ።

ሁለተኛ፣ የሞተሯ ሽቦ አይቆረጥ፣ አይላጥ። አዲሱ ዕቃ የራሱ መስመር ከባትሪው ይዘርጋለት፤ ፊውዙም ባትሪው አጠገብ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ቁልፉ ሲዘጋ ዕቃውም አብሮ ይጥፋ። ሌሊቱን ሙሉ የበራ ቻርጀር ባትሪ ሊያደክም ይችላል።

አራተኛ፣ ሻጩ በሚያውቀው ጋራዥ አስገጥሙ። ደረሰኙ ላይ የዕቃው ዓይነት፣ ዋቱና ቀኑ ይጻፍ።

«ዋስትናሽ ተሰርዟል» ብትባሉም ዝም ብላችሁ አትመለሱ። የትኛው ክፍል? በምን ምክንያት? ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። የመብራት ሽቦ ከፍሬን ጋር ምን አገናኘው? እኔ ይህን ሳልጠይቅ ተመለስኩ።

እህቶቼ፣ ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ የእኔ ሽቦ ግን ሳልማር ተጠመጠመ። ሦስታችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ደብተሩን ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናነበዋለን።