ዕውቀትም እንደ መለኪያ ይመሳከራል

(በአዳማ ለማኅበሩ አባሎች የተደረገ ንግግር)



መሐንዲስ በነርሶች ጉባኤ ቆሞ ስለ አእምሮ ሕክምና መናገሩ ድፍረት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከእኛ ሙያ የማበድራችሁ አንድ ደንብ አለ። የግፊት መለኪያ ትናንት ልክ ነበር ተብሎ ለነገ አይታመንም፤ በየጊዜው ከታወቀ ልክ ጋር ይመሳከራል። በጥቂቱ የሚያዛባ መለኪያ ፈጽሞ ከተሰበረው የከፋ ነው፤ የተሰበረውን ማንም ያውቀዋልና። ይህ ደንብ ለአእምሮ ሕክምና ነርስ ዕውቀት ይበልጥ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ።

አማኑኤል ሆስፒታል በ1930 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። በ1979 ዓ.ም. በዚያው ነርሶችን በአእምሮ ሕክምና ማሠልጠን ተጀመረ፤ ምሩቃኑም በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታሎች ተመደቡ። ሐኪሞችን በዚሁ ሙያ በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው ግን በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስለዚህ ከዋና ከተማው ውጪ መመርመሩም፣ መድኃኒት መጀመሩም፣ መከታተሉም በአብዛኛው በነርሶች ትከሻ ላይ ወደቀ። ብቻውን የሚሠራ ባለሙያ ደግሞ ሲሳሳት የሚያርመው ባልደረባ አጠገቡ የለም።

ከአካባቢያችን ምሳሌ ልጥቀስ። ከመተሐራ እስከ ባቱ (ዝዋይ) ያለው የስምጥ ሸለቆ ምድር የወባ አገር ነው። በአንድ ቀን ውስጥ መቀባዠር የጀመረ፣ ጊዜና ቦታ የሚምታታበት፣ ንቃቱ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ የሚል ሰው «አበደ» ተብሎ ይመጣል። የዚህ ሰው ሙቀት ከሁሉ አስቀድሞ ሊለካ፣ ደሙም ለወባና ለስኳር መጠን ሊመረመር ይገባል። በአንጻሩ ሃሎፔሪዶልን የመሰለ መድኃኒት የሚወስድ ሕመምተኛ ትኩሳት ሲይዘው ሁሉን በወባ ማመካኘት አደገኛ ነው። ጡንቻው እንደ እንጨት ከደረቀ፣ ላቡ ከበዛ፣ ንቃቱ ከተዛባ፣ የትኩሳቱ ምንጭ መድኃኒቱ ራሱ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ መድኃኒቱን አቁሞ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል መላክ ግዴታ ነው፤ ሕመሙ ባሰበት ብሎ መጠኑን መጨመር ግን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

የሸለቆው ሐሩርም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሊቲየም የሚወስድ ሰው በወንጂ ወይም በመተሐራ የሸንኮራ እርሻ ውሎ ላብ ሲያጥበው፣ ወይም ተቅማጥ ሲይዘው፣ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ይጠራቀማል። ማስመለስ፣ የእጅ መንቀጥቀጥና መንገዳገድ ምልክቶቹ ናቸው። ለሕመም ማስታገሻ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው አይቡፕሮፌንም ይህንኑ ያባብሳል።

በሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ በምትገኘው ቡታጅራ ዙሪያ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለ10 ዓመት የተከታተለ ጥናት፣ የሞት መጠናቸው ከሌላው ሕዝብ እጥፍ ገደማ እንደነበረና ከሟቾቹ ግማሽ ያህሉን የቀጠፉት ተላላፊ በሽታዎች እንደሆኑ አሳይቷል። እንግዲህ ነርሱ ክብደት መመዘንና ሳንባ ማዳመጥ ከተወ፣ አእምሮው የተረጋጋለት ሕመምተኛ በሳንባ ነቀርሳ ሊሞትበት ይችላል።

የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በአዳማ፣ በቢሾፍቱ፣ በባቱና በሻሸመኔ የሚሠሩ ነርሶች በወር አንድ ጊዜ ይገናኙ። እያንዳንዱ የሕመምተኛውን ስም ሸፍኖ አንድ መዝገብ ያምጣ፤ ምን እንደታየ፣ ምን እንደተወሰነ፣ ምን እንደተከተለ ያንብብ። ጉባኤውም ይህንኑ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ካወጣውና በ2016 ካሻሻለው የአእምሮ ጤና መመሪያ ጋር ያመሳክር። መመሪያው ራሱ በ6 ዓመቱ ከታደሰ፣ በትምህርት ቤት የተማርነው ሳይታደስ ዕድሜ ልክ ያገለግለናል ማለት አይቻልም።

ይህ ስብሰባ መካሰሻ እንዳይሆን አደራ እላለሁ። የሚመሳከረው ዕውቀቱ ነው እንጂ ሰውየው አይደለም። መለኪያው ተስተካከለ ተብሎ የሚያፍር መሐንዲስ የለም፤ የሚያሳፍረው ልኩን ሳያረጋግጡ መሥራት ነው።